ለቤተሰብ ሥጋ አጋዘን ማደን ፈቃድ ይጠይቃል?

ጥያቄ፦ በምንኖርበት ገጠር አጋዘን ሞልቷል። ልጆቼ ብዙ ናቸው፤ ሥጋም ተወዶብናል። አንድ ሁለት አጋዘን ባድን ለብዙ ወር ይበቃናል። ለንግድ ሳይሆን ለቤቴ ከሆነ ፈቃድ ማውጣት አለብኝ? የጎረቤቴ መሬት ላይ ቢሆንስ? የተረፈውን መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጆችዎን ለማብላት ማሰብዎ የሚያስወቅስ አይደለም። ግን «ለቤቴ ነው» የሚለው ምክንያት ብቻውን ከፈቃድ ነፃ አያደርግዎትም። ብዙ ቅን ሰው ፍርድ ቤት የሚቆመው ይህን ባለማወቅ ነው። አገርዎን ስላልጻፉልኝ የተለያዩ አገሮችን ሕግ እየጠቀስኩ ልመልስልዎ።

በአሜሪካ አደን በዋናነት የሚገዛው በየግዛቱ ሕግ ነው። ፈቃድ ያወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሚገድሉት ለእያንዳንዱ አጋዘን ታግ የሚባል መለያ ይሰጥዎታል። ወቅቱ፣ ጾታውና መሣሪያው ሁሉ የተወሰነ ነው። በራሱ መሬት ላይ የሚያድንን ባለመሬት ፈቃድ የማይጠይቁ ግዛቶች አሉ። ወቅቱንና የቁጥር ገደቡን ግን እሱም ያከብራል። ጀርመን ጠበቅ ይላል፤ ፈቃዱ የሚገኘው ፈተና ሲያልፉ ነው። ለእርስዎ ሐሳብ የሚቀርበው የአሜሪካው ግዛት አላስካ ነው። የ1980 የፌዴራል ሕግ የገጠር ነዋሪዎች ለምግባቸው በፌዴራል መሬት ላይ ሲያድኑ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። እዚያም ቢሆን ወቅትና ገደብ አለ።

የጎረቤትዎን መሬት በተመለከተ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፦ ሳያስፈቅዱ አይግቡ። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ1991 የአጋዘን ሕግ ያለ ባለይዞታው ፈቃድ ገብቶ አጋዘን መፈለግን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል። ምንም ባይገድሉ እንኳ! በራስዎ መሬት የመቱት አጋዘን አጥር ዘሎ ጎረቤት ጋ ቢወድቅስ? በብዙ ቦታ ያኔም ማስፈቀድ ግድ ነው። ስለዚህ ከወቅቱ በፊት ሄደው ያነጋግሩት። ከየት እስከ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የቆሰለውን ተከትሎ መግባትንም ጨምሩበት። ጎረቤትነትን የሚያበላሸው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሽያጩን ይርሱት። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ያደኑትን የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሚያዩት በእርባታ ያደገ ነው። በሕገወጥ መንገድ የተገደለውን ከግዛት ግዛት ካሻገሩት ደግሞ ከ1900 ጀምሮ ባለው፣ ሌሲ አክት በሚባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ነገሩ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። በስጦታ መስጠት ግን በብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ሲሰጡ ስምዎን፣ የፈቃድ ቁጥርዎንና ቀኑን የያዘ ወረቀት አብረው ይስጡ፤ ይህን የሚያስገድዱ ግዛቶች አሉ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ያሉት በጊዜያዊ ቪዛ ከሆነ የፌዴራሉ ሕግ በመደበኛው ጠመንጃ መያዝ ይከለክልዎታል። ከክልከላው ከሚያወጡዎት ነገሮች አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ እጅዎ ሳይገባ ጓደኛዎ «እስቲ ሞክረው» ብሎ ቢሰጥዎት እንኳ አይቀበሉት። ያለ ፈቃድ መያዙ ብቻውን ለክስም ለመባረርም ሊያበቃዎት ይችላል።