ልቤ ደርቆ መጸለይ አቃተኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። እናቴ ካረፈች አራት ወር ሆናት። ከዛ ወዲህ ውዳሴ ማርያሙንም ዳዊቱንም እከፍትና አፌ ያነባል ልቤ ግን የለም፣ ደረቅ ነው። ጠዋት ሙቀቱ ሳይጀምር በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የዱቤ ደብተሬ ጀርባ ላይ ግጥም ነገር መሞነጫጨር ጀመርኩ፣ ይኸው (ደቻቱ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ነው)፦

ደቻቱ ደረቀ አሸዋው ነው ያለው፣
ያንተም ድምፅ ጠፋብኝ ልቤን ምን ልበለው፣
የእማዬ ነጠላ ሽታው ሳይለቅ ገና፣
ጌታ ሆይ ዝም አልክ ና እንጂ ቶሎ ና።

ጓደኛዬ አይታው «ለእግዚአብሔር እንዲህ ይባላል እንዴ፣ ቀይሪው» አለችኝና ፈራሁ። ደሞ አንድ ዲያቆን መዝሙር 125ን አንብቢ ብሎኝ ነበር፣ ስለ እንባ ነው ያለኝ፣ በሞባይሌ ስከፍተው ግን ስለ ጽዮን ተራራ ነው የሚያወራው። ግጥሜ ጸሎት ነው ወይስ ኃጢአት?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የእናትሽንም ነፍስ ይማር።

ዲያቆኑ አልተሳሳተም። ቤተክርስቲያን ያለው ዳዊት አቆጣጠሩ ከ9 በኋላ ሞባይል ላይ ካሉት ከብዙዎቹ በአንድ ወደኋላ ይቀራል፣ እሱ 125 ያለሽ ሞባይልሽ ላይ 126 ነው። ክፈቺውና በእንባ የዘሩ በደስታ ያጭዳሉ የሚለውን ታገኚዋለሽ።

እኔን ግን የገረመኝ ግጥምሽ ነው፣ ምክንያቱም ሳታውቂው ከዛው መዝሙር ጋር አንድ ቦታ ቆመሻል። እንባው ከመምጣቱ በፊት መዝሙሩ ምርኳችንን እንደ ደቡብ ፈሳሾች መልስልን ይላል፣ እነዛ የደቡብ ፈሳሾች ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደሉም፣ በረሃ ላይ ያሉ ደረቅ ሸለቆዎች ናቸው፣ ሩቅ ተራራ ላይ ሲዘንብ ነው ድንገት የሚሞሉት። ይሄን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፣ ለድሬ ልጅ ግን ምን ይነገራል፣ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ስትሻገሪ በአሸዋው ላይ ሄደሽ የለ? እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ላይ ደንገጎ ተራራው በኩል ሲዘንብ ደቻቱ ይመጣል። (በ1998 ክረምት ሌሊት ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን ጎርፍ ያየ ሰው ይሄን ምሳሌ በቀላሉ አይጠራውም፣ እኔም ውሃው ሁልጊዜ ምሕረት ነው እያልኩሽ አይደለም።) የምልሽ ዘማሪው ራሱ አሸዋው ላይ ቆሞ ነው የጸለየው፣ አሸዋውን ውሃ ነው ብሎ አልዋሸም።

ጓደኛሽ ስላዘነችልሽ ነው፣ ግን እዚህ ጋ አልስማማም። ዳዊት እኮ በ12ኛው መዝሙር (ሞባይልሽ ላይ 13) እስከ መቼ እስከ መቼ እያለ ነው የሚጀምረው፣ 87ኛው ደሞ (ሞባይልሽ ላይ 88) መጨረሻው ላይ አንድም የመጽናኛ ቃል ሳይኖረው ያልቃል፣ ቤተክርስቲያን ግን ቆርጣ አልጣለችውም፣ ሐሙስ ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ሲደገም እሱም አብሮ ይደገማል። ዝም አልክ ማለት መካድ አይደለም፣ የካደ ሰው ማንን ና ይላል?

ስለ ግጥሙም አንድ ነገር ልበልሽ፣ ቀለሙን ቁጠሪው፣ ስድስት ስድስት እያለ ነው የሚወርደው፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት ነው፣ ማንም ሳያስተምርሽ ከልቅሶና ከመዝሙር ጆሮሽ የያዘው። ሦስተኛውን ስንኝ በተለይ አትንኪው፣ ነጠላው እዛ ውስጥ አለ። «ቶሎ ና» የምትለዋም ትቅር፣ አሜን ምናምን ብለሽ ለማሳመር አትድከሚ።

ዳዊቱንም አትተዪ፣ ልብሽ ባይኖርም አፍሽ ያንብብ፣ በቀን አንድ መዝሙር ይበቃል፣ ከዛ ደብተርሽን አውጪ። የሚከብድሽ ቀን ግጥሙን ብቻ ጮክ ብለሽ በይው። ንስሐ አባትሽንም አሳያቸው፣ እንዳትፈሪ።

ነጠላውን ደሞ እጠቢው የሚልሽ ካለ አትቸኩዪ። መንፈቋ ሲደርስ ለብሰሽው ሂጂ።