ኢሜይላችን ለምን ስፓም ይገባል? ጥያቄና መልስ

መላሽ (ደብረ ብርሃን)፦ የዲኤንኤስ (የዶሜይናችሁ፣ ማለትም የኢሜይልና የድረ ገጽ ስማችሁ፣ መዝገቦች) ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። የተመለሰላችሁን የስህተት መልእክት ግን አብራችሁ ለጥፉ።

ከደብረ ሲና፦ የእንግዳ ማረፊያችን ኢሜይል ደንበኞች ጋ ስፓም ይገባል። «ኤስፒኤፍ ፐርምኤረር» ይላል። ሁለት ኤስፒኤፍ አለን፤ የድሮው ሆስቲንግና የጎግል።

መላሽ፦ በሽታው ሁለት መሆናቸው ነው እህቴ። «ፐርምኤረር» መዝገቡ ራሱ ተሳስቷል ማለት ነው። ኤስፒኤፍ በዶሜይንሽ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ። ተቀባዩ ሁለት ሲያገኝ አይመርጥም፤ ሁለቱንም ስህተት ብሎ ይተዋል። አዲስ ላኪ ሲመጣ ሌላ መዝገብ አይከፈትም፤ የነበረው ላይ ከመጨረሻው «ኦል» («የቀሩት ሁሉ») በፊት አንድ «ኢንክሉድ» («የዚህንም ላኪ ዝርዝር አካት») ይጨመራል። በድሮው ሆስቲንግ መላክ ካቆማችሁ ጭራሽ አውጪው።

ደግሞ ተቀባዩ ኤስፒኤፉን ሲያጣራ የሚያደርገው የዲኤንኤስ ፍለጋ ከ10 እንዳይበልጥ። አንዱ ኢንክሉድ በሆዱ ሌሎች ይዞ ይመጣል፤ እነሱም ይቆጠራሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ፋብሪካ ጠርቶኝ ከሒሳብ ሹሟ ጋር በወረቀት ስንቆጥር 13 ደረሰ። ሦስት ዓመት ያልነኩት የማስታወቂያ መላኪያ ብቻውን 4 ይዟል። እሱን ሰረዝን፣ ደረሰኞቻቸው መግባት ጀመሩ። አንድ ዶሜይን፣ አንድ ኤስፒኤፍ!

ከሸዋ ሮቢት፦ ኢሜይል እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የተመለሰልህን ለጥፍ።

ከመሐል ሜዳ፦ ኤምኤክስ (ኢሜይል ተቀባዩን ሰርቨር የሚጠቁም መዝገብ) ላይ የሰርቨሩን አይፒ (የቁጥር አድራሻ) ጻፍኩ፣ ምንም አይገባም።

መላሽ፦ ኤምኤክስ ስም ነው የሚፈልገው። ስሙን በኤ ሬከርድ (ስምን ከአይፒ የሚያገናኝ መዝገብ) ወደ አይፒው አሳየው።

ከአንኮበር፦ ቢሮ ባቆምነው ሰርቨር ነው የምንልከው። ፒቲአር (ከአይፒ ወደ ስም የሚመልስ መዝገብ) በዶሜይን ፓነላችን ጨመርኩ፣ አልሠራም።

ከደብረ ብርሃን፦ መብራት በሚጠፋበት ቢሮ ሰርቨር ማቆም ምን ይባላል? ክላውድ (የኪራይ ሰርቨር) ግባ።

ከአንኮበር፦ በየወሩ በዶላር ማን ይከፍላል? ጄኔሬተር አለን።

ከደብረ ብርሃን፦ ነዳጁስ በነጻ ነው?

መላሽ፦ እሱን ሌላ ቀን ተከራከሩ። ፒቲአር የሚያስገባው የአይፒው ባለቤት ነው። ኢንተርኔት አቅራቢህን በደብዳቤ ጠይቅ።

ከዓለም ከተማ፦ እኔም ሁለት ኤስፒኤፍ አለኝ፣ ችግር አለው?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ለደብረ ሲናዋ የመለስኩትን አንብብ። አንድ ዶሜይን፣ አንድ ኤስፒኤፍ።

ከሸዋ ሮቢት፦ «550 5.7.26» ይላል። ጂሜይል ነው።

መላሽ፦ አሁን ተግባባን። ላኪው አልተረጋገጠም ማለት ነው። ዲኪም (ኢሜይሉ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ) አስገብተሃል?

ከሸዋ ሮቢት፦ አዎ፣ ቁልፉን ሳስገባ ግን መጨረሻው ተቆረጠ።

መላሽ፦ የ2048 ቢት ቁልፍ ረጅም ነው። በቲኤክስቲ (ቁልፉ የሚገባበት የጽሑፍ መዝገብ) ውስጥ አንዱ ጥቅስ ከ255 ፊደል በላይ አይችልም። ለሁለት ከፍለህ፣ እያንዳንዱን በጥቅስ ውስጥ፣ እዚያው አንድ መዝገብ ላይ አስገባ።

ከደብረ ሲና፦ አንድ አደረግኩት። አሁንም ስፓም ነው።

መላሽ፦ ቲቲኤሉ (የድሮው መዝገብ ሌሎች ዘንድ ተቀምጦ የሚቆይበት ጊዜ) ስንት ነው?

ከደብረ ሲና፦ 3600።

መላሽ፦ ሰከንድ ነው፣ አንድ ሰዓት ጠብቂ። ከዚያ ወደ ራስሽ ጂሜይል ላኪና «ኦሪጅናሉን አሳይ» የሚለውን ክፈቺ። ኤስፒኤፍ «ፓስ» ካለ መዝገቡ ተስተካክሏል። ካላለ እዚያ ያየሽውን ለጥፊልኝ።