በየካቲት ተመለሱ

ውድ ልጆቼ፣

በመጋቢት ወር አንዲት የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ የማስታወሻ ደብተሯን ይዛ መጥታ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የሐምሌው ገጽ በደስታ የተሞላ ነበር፦ ከጓደኞቿ ጋር በአውቶቡስ መጓዛቸውን፣ በዘፈን ተራራውን መውጣታቸውን፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት መድረሱን፣ በአንድ ቀን ስንት ጉድጓድ እንደሞሉ ጽፋለች። የየካቲቱ ገጽ ግን አጭር ነው። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተመልሳ ወደዚያው ተራራ ወጥታ፣ «የተከልኩትን ፈልጌ ማግኘት አቃተኝ» ብላለች። ከሥሩም እንዲህ የሚል ጥያቄ አስፍራለች፦ በክፍል ውስጥ የምንማረውና በበጎ ፈቃድ የምንሠራው የሚገናኙት የት ላይ ነው? ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለእርሷ የሰጠሁት መልስ ለእናንተም ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ ነው።

በመጀመሪያ የሐምሌውን ደስታ አላናንቅባችሁም። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል፤ በዕድሜዬ ያን ያህል ሰው በአንድ ቀን ስለ ዛፍ ሲያስብ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ችግኝ በሐምሌ አይሞትም። በሐምሌ ዝናቡ ሞግዚቱ ነው። ፈተናው የሚጀምረው ክረምቱ ሲወጣ፣ በአብዛኛው ደጋችን ሰማዩ ለወራት ሲጠራ፣ እህል ታጭዶ ከብቱና ፍየሉ በየሜዳው ሲለቀቅ ነው። ጥርና የካቲት የችግኙ የፈተና ወራት ናቸው፤ እኛ ደግሞ በእነዚያ ወራት እዚያ አንገኝም።

አንድ ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ዘመቻ የተተከለ ኮረብታ ላይ የደረቁ ችግኞችን እየነቀልሁ የሞቱበትን ምክንያት ስመረምር፣ ከአፈሩ ጋር ጥቁር ፕላስቲክ እየተጎተተ ወጣ። ተካዩ ስለቸኮለ ከችግኝ ጣቢያ የመጣበትን ፕላስቲክ ሳይቀድ ቀብሮታል። ሥሩ ወደ ጎን መውጫ አጥቶ ከግርጌ እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። ስለዚህ ስትተክሉ ፕላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ቅደዱት፤ አፈሩ እንዳይፈርስ በሁለት እጃችሁ ደግፋችሁ አውጡት፤ ከግርጌ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት። ጉድጓዱ ሲቆፈር የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻው ተቀምጦ ከሆነ መጀመሪያ እርሱን ወደ ሥሩ መልሱ። ከዚያ ዙሪያውን በተረከዛችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት፤ በአፈሩ መካከል ባዶ አየር ከተረፈ ሥሩ ይደርቃል። ፕላስቲኩን ደግሞ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ይህ ሁሉ ለአንድ ችግኝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ቁጥር ለማሟላት የሚሯሯጥ ሰው ግን እነዚያ ደቂቃዎች የሉትም። መቶ ከምትቀብሩ ሃያ ብትተክሉ እመርጣለሁ።

ሙያ ካልሁት ጊዜ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ወሎ ውስጥ የሠራሁባቸው ዓመታት ናቸው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ሕዝቡ በየተራራው እርከን ሠርቶ፣ ችግኝ ተክሎ፣ ብዙ ኮረብታ ከከብት ንክኪ ተከልሎ ነበር። እኔም ወጣት ባለሙያ ነበርሁ፤ በውሃ ልክ የእርከኑን መስመር እያወጣሁ፣ ችግኙን እየቆጠርሁ ሪፖርት እልክ ነበር። ቁጥሩ ያማረ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ ደን ብዙው በአጭር ጊዜ ተጨፈጨፈ። እኔ ለዓመታት የቆጠርሁት ኮረብታ ላይ የቀረው ጉቶ ነበር። አንድ የማውቃቸውን አዛውንት አግኝቼ፣ «አባቴ፣ እንዴት እንዲህ ይደረጋል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ዛፉ የመንግሥት ነበር፤ ባለቤቱ ሲሄድ ዛፉም ሄደ» አሉኝ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። መሬቱን ስንከልል ፍየላቸው የት እንደሚሰማራ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ እንጨቱ ሲደርስ ለማን እንደሚሆን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ካልጠየቁት መካከል እኔም አንዱ ነበርሁ። ይህን ጥፋት እስከ ዛሬ ከራሴ ላይ አላወረድሁትም።

ስለዚህ ወደ አንድ ቦታ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ስትሄዱ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት እረኛውን ጠይቁ። ውሃ የምትቀዳዋን እናት ጠይቁ። ምንጩ በስንተኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ቦረቦሩ ከስንት ዓመት ወዲህ እንደሰፋ እነርሱ ያውቃሉ።

በሰሜኑ ክፍል ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሂዳችሁ ተመልከቱ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በእርሻ በተራቆተ ሜዳ መካከል እንደ ደሴት የቀሩ፣ ወይራና ጥድ የሞላባቸው ናቸው። ያቆያቸው ሕዝቡ የእኔ ነው ማለቱ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከየአጥቢያው ሕዝብ ጋር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ሲያስተባብሩ፣ ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነበር፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ከብትም ከደኑ ታገደ። እንዲህ ያለ ሥራ ለገበሬውም ለዛፉም ስለሚጠቅም ጠባቂ አያጣም።

ዛፍ ሁሉ በሰው እጅ ካልተተከለ አይበቅልም ብላችሁም አታስቡ። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ ዘሩን ቁጥቋጦ ሥር ትጥላለች፤ ደደሆ በሚባለው ቁጥቋጦ ጥላ የበቀለችው የወይራ ቡቃያ ፀሐይ ላይ ከቆመችው ይልቅ ድርቁን ትችላለች። ይህን የማያውቅ ዘማች ለጉድጓድ ቦታ ሲያስለቅቅ ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፤ ያን ጊዜ የወፏ ሥራም አብሮ ይጠፋል። እዚህ ላይ ነው ትምህርታችሁ የሚያስፈልገው።

በጣና ሐይቅ ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ለመንቀል የወጡትን ወጣቶችና ገበሬዎችም አስቡ። ውሃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው በእጃቸው ሲጎትቱ የዋሉትን ሰዎች ድካም አከብራለሁ። አረሙ ግን ከቅሪቱ እንደገና ይራባል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከየማሳው በጎርፍ የሚገባው ለም አፈርና ማዳበሪያ ደግሞ ይመግበዋል። ሐይቁ ላይ የሚታየው ችግር ከፊሉ ከሐይቁ በላይ ባለው ተዳፋት ማሳ ላይ ይጀምራል። ስለዚህ በጥር የገበሬው የተፋሰስ ሥራ ሲደረግ እርከን ለመሥራት የወጣ ተማሪ፣ ባይታይለትም፣ ለጣና ሠርቷል።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ ቢሮ ትገባላችሁ። አንድ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን የሚያጠናውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የምትሠሩም፣ የቀረበውን የምትመረምሩም ትኖራላችሁ። አንድ ጊዜ እጄ የገባ ሰነድ፣ ለግንባታ በታሰበው ቦታ ላይ ወራጅ ውሃ የለም ይል ነበር። አጥኚው የሄደው በበጋ ነው። በነሐሴ ስሄድ ሰነዱ ወራጅ ውሃ የለበትም ባለው ቦታ ላይ ለመሻገር ጫማዬን አውልቄ ሱሪዬን መጠቅለል ግድ ሆነብኝ። የሐምሌው ዘማች በጋውን አላየም፤ የበጋው አጥኚ ክረምቱን አላየም፤ ስህተታቸው አንድ ነው። እናንተ ግን ተማሪ ሳላችሁ፣ ከትምህርት ቤታችሁ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የምትደርሱበት አንድ ቦታ ምረጡ፤ አንድ ቦረቦር ወይም አንድ ኮረብታ ይበቃል። በክረምቱ አጋማሽ፣ በጥቅምት፣ በየካቲትና በግንቦት ሂዱ። ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ በተመሳሳይ አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የጸደቀውን ብቻ ሳይሆን የሞተውንም ቁጠሩ፤ ምን እንደገደለውም ጻፉ፤ ምስጥ ነው፣ ፍየል ነው፣ ጥማት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ሁለት ዓመት እንዲህ ያደረገ ተማሪ የማስተማሪያውን መጽሐፍ ሲያነብ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ቦታ ይኖረዋል።

ያቺ ተማሪ መልሴን ሰምታ ስትጨርስ ደብተሯን ገልጣ ያላነበብሁትን ገጽ አሳየችኝ። ያን ቀን የተከለችውን ፍለጋ ስትዞር አንድ እረኛ ልጅ አግኝቷት፣ «ምን ጠፋብሽ?» ብሎ ጠየቃት። ስትነግረው እጇን ይዞ ወደ አንድ ደደሆ ወሰዳት። ከሥሩ ማንም ያልተከላቸው ሦስት የወይራ ቡቃያዎች ነበሩ፤ ልጁ ፍየሎቹ እንዳይደርሱባቸው በእሾህ አጥሯቸዋል። ቁመታቸውን በስንዝር ለክታ ጽፋለች። ቀጣዩን ገጽ ለግንቦት ባዶ ትታዋለች።