«አይ ጌቭ» ብሎ ማቆም፦ ሂም፣ ኸር፣ ኢት የት ነው የሚገቡት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሀዋሳ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሰራው። ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ ኢት፣ አስ፣ ዘም የሚለውን ሰንጠረዥ ከተማሪነቴ ጀምሮ በቃሌ እችለዋለሁ፣ ግን ከእንግዳ ጋር ሳወራ ወይ እዘለዋለሁ ወይ የማይገባበት እከተዋለሁ። ስለ ክፍል ቁልፍ ስናወራ «አይ ጌቭ» ብዬ ሳቆም እንግዳው ምኑን? ለማን? ብሎ ጠየቀኝ። ደሞ «ማይ ፍሬንድ ኤንድ አይ» ነው ወይስ «ኤንድ ሚ»?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰንጠረዡን እንደገና አታጥኚው፣ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። አማርኛ ተሳቢውን ግሱ መጨረሻ ላይ ይለጥፈዋል፣ «አየሁት» ስትዪ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ናት ሂም ወይ ኢት የምትሆነው፣ «አየችኝ» ላይ ደሞ «ኝ» ሚ ናት። የእንግሊዝኛ ግስ እንደዚህ አይነት ቅጥያ የለውም፣ ተሳቢው ራሱን ችሎ ከግሱ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ «አይ ሶው» ብለሽ ስታቆሚ አንቺ በሀሳብሽ «አየሁት» ብለሻል፣ ሰውየው የሰማው ግን «አየሁ» ብቻ ነው።

የቁልፉ ነገር ትንሽ ይከብዳል። የአማርኛ ግስ አንድ ተሳቢ ብቻ ነው የሚለጥፈው፣ «ሰጠሁት» ስንል «ት» ለሰውየው ከሆነች ቁልፉ ሳይጠራ በወሬው ይታወቃል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ይፈልጋል፣ «አይ ጌቭ ኢት ቱ ሂም»። ኢት ቁልፉ፣ ሂም ሰውየው። «አይ ጌቭ ሂም» ብለሽ ብታቆሚም ገና ጎዶሎ ነው። «ላክሁላት» ለማለትም እንደዛው፣ «አይ ሴንት ኢት ቱ ኸር»።

ተቃራኒውም አለ። እኛ «እንግዳውን አየሁት» ብለን ሁለቴ እንጠራዋለን፣ እንግሊዝኛ ላይ ግን ወይ «ዘ ጌስት» ነው ወይ «ሂም»፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም። «የገዛሁት ስልክ» ለማለትም «ዘ ፎን አይ ቦት» ይበቃል፣ ብዙ ሰው «ት»ዋን አይቶ መጨረሻው ላይ ኢት ይጨምራል፣ አያስፈልግም። ስልኩንም ሂም አትበይው፣ እኛ ጋ እሱ ቢባልም እዛ ኢት ነው።

ይሄን ግን በደንብ ያዢልኝ፣ «ኝ» ሁሌ ሚ አይሆንም። «ራበኝ» ማለት «አይ አም ሀንግሪ» ነው፣ «ራሴን አመመኝ» ደሞ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»፣ «ቁልፉ ጠፋብኝ» ደሞ «አይ ሎስት ዘ ኪ»። አየሽ፣ አማርኛ ላይ ነገሩ የደረሰበት ሰው እንግሊዝኛ ላይ ባለቤት ሆኖ ፊት ይቀመጣል። እነዚህን ቃል በቃል ለመገልበጥ አትሞክሪ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ልመጂው።

«አስረዳኝ» ለማለት «ኤክስፕሌይን ሚ» አይባልም፣ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው። «ቴል ሚ» ትክክል ነው፣ «ሴይ ሚ» ግን አይሆንም። ሪሴፕሽን ላይ ደሞ «መልሼ እደውልለታለሁ» ማለት ስለሚበዛ «አይ ዊል ኮል ሂም ባክ» የሚለውን ያዢ፣ ሂም መሀል ነው የሚገባው፣ ከ«ባክ» በኋላ አይመጣም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመጣ፣ ጓደኛሽን ከዓረፍተ ነገሩ አውጪያትና አንቺን ብቻ አስቀርተሽ ስሚው። «አይ ወርክ ሂር» ስለሚባል «ማይ ፍሬንድ ኤንድ አይ ወርክ ሂር» ነው። «ዘ ማናጀር ኮልድ ሚ» ስለሚባል ደሞ «ዘ ማናጀር ኮልድ ማይ ፍሬንድ ኤንድ ሚ» ይሆናል፣ እዚህ ጋ «አይ» ጨዋ ቢመስልም በሰዋስው ስህተት ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ሲሉ ትሰሚያለሽ፣ ቢትዊን ግን እንደ «ቱ» መስተዋድድ ነው፣ «ቱ ሚ» እንደሚባለው ከሱም በኋላ ሚ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አንቺ «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» በዪ።