87 ላይ የቀለጠው ሊዶኬይን

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ የማስተርስ ተማሪ ናት። ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ መድኃኒት፣ ከአሲድ ጋር ገና ያልተዋሃደውን (ቤዙን)፣ በአሴቶን አሟሙታ፣ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ጠብ አድርጋ ጨመረችበት። ሲያድር ነጭ ክሪስታል ወጣላት። መጽሐፏ ቤዙና አሲዱ የሚሰጡት ጨው (ሃይድሮክሎራይዱ) 127 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል ይላል፤ የሷ 87 ላይ ቀለጠ። የላብ ጓደኛዋ «እርጥብ ሆኖ ነው» ብሎ 105 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ሲከተው ሙጫ ሆኖ ሳህኑ ላይ ተጣበቀ። «ቤዙ የተበላሸ ይሆን? ልድፋው?» ትላለች። ሁለት ነገር ደግሞ ጨምራለች። ቴርሞሜትሯ በሚፈላ ውሃ ሲፈተሽ 91 ስላለ በየንባቡ ላይ 9 ትደምራለች። ጠዋት ክፍሉ ስለሚበርድም ከሰል አያይዘው ይሠራሉ።

እህቴ፣ እንዳትደፊው።

ከምንም በፊት ግን ከሰሉን አውጡት። አሁኑኑ። የአሴቶን እንፋሎት በደብረ ብርሃን ውርጭ እንኳ እሳት ለመያዝ በቂ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሰሉ ጥግ ስለሆነ ተራርቀዋል ብላችሁ አትመኑ። ብርዱን በጋቢ ቻሉት።

ወደ ጉዳይሽ ስመለስ፣ ቴርሞሜትርሽ ጤነኛ ነው ብዬ እገምታለሁ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 91 አካባቢ እንጂ 100 ላይ አይደለም። የክሪስታል መቅለጫ ግን በከፍታ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የደመርሽውን 9 መልሰሽ ቀንሺ፤ 78 ይሆናል። ቤዙ የሚቀልጠው 68 ላይ ነው። ውሃ የሌለው ሃይድሮክሎራይድ 127 ላይ። አንድ ውሃ የያዘው ሃይድሮክሎራይድ ደግሞ ከ77 እስከ 79። በእጅሽ ያለው እሱ ነው።

ለማረጋገጥ ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶና 122 ላይ በሚቀልጥ ቤንዞይክ አሲድ ፈትሺው። ከክሪስታሉ ቆንጠር አድርገሽ ውሃ ውስጥ ጣይው፤ ጨው ከሆነ ወዲያው ይጠፋል፣ ቤዝ ከሆነ እንዳለ ይቀመጣል።

ውሃው ከየት መጣ? ከአሲዱ ነው። ጠንካራ የሚባለው አሲድ 37 በመቶ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው።

ጓደኛሽ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ውሃ ከላይ ያረጠበ ውሃ አይደለም። የመንዝን የድንጋይ ካብ አይተሻል። ያንኑ ድንጋይ ለሁለት ሰው ስጪ። አንዱ ገጽ ለገጽ እያገጣጠመ ጥቅጥቅ አድርጎ ይክበዋል። ሌላው ትልልቁን ይደረድርና ክፍተቱን በጠጠር ይሸጉጠዋል። ድንጋዩ ያው ነው፣ ካቡ ግን ሌላ ነው። አንዱ ያለ ዲጂኖ አይነቃነቅም፤ ሌላው በእጅ ይናዳል። መድኃኒትም ሲረጋ እንደዚሁ ነው፤ አደራደሩ ሲለወጥ መቅለጫውም፣ አሟሟቱም ይለወጣል። በአንቺ ክሪስታል ውስጥ ጠጠሩ ውሃው ነው፤ ለእያንዳንዱ የሊዶኬይን ሞለኪውል አንድ የውሃ ሞለኪውል ተሸጉጧል። ጠጠሩ የካቡ አካል ነው። 105 ዲግሪ ውስጥ ስትከቱት ደግሞ ሳይደርቅ በፊት መቅለጫውን አለፋችሁት፤ ካቡ ተናደ። ይህን ነገር እንደ ቀላል አትዪው። በ1998 እ.ኤ.አ. ሪቶናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ሳይታሰብ በሌላ፣ ይበልጥ በጸናና እንደ ፊተኛው በማይሟሟ አደራደር መርጋት ጀመረ። ሞለኪውሉ ያው ሆኖ ሳለ ካፕሱሉ ከገበያ ወጥቶ እንደገና መቀመም ነበረበት።

ስለዚህ ያንቺ ምርት ውድቅ አይደለም። የመድኃኒቶችን ደረጃ የሚያወጣው መጽሐፍ፣ የአውሮፓ ፋርማኮፒያ ራሱ የሚመዘግበው ይህንኑ ባለውሃውን ነው። ስትመዝኚ ብቻ አስቢበት። 6.2 በመቶው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃ አልባውን 1 ግራም የሚል ቀመር ካለሽ ከዚህኛው 1.067 ግራም መዝኚ።

ውሃ የሌለውን የግድ ከፈለግሽ፣ በአይሶፕሮፓኖል የተሟሟ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ እሱን በደረቀ ኤቲል አሴቴት ሥሪበት። «ደረቅ» የሚል ጽሑፍን ግን አትመኚ። እኔ አንዴ በርካሽ የገዛሁት «ንጹህ» ኤታኖል ውሃ ሆኖ ሁለት ሳምንት አቃጥሎኛል፤ እስካሁን ያናድደኛል። ዴሲኬተራችሁንም (ማድረቂያ ዕቃችሁን) ክፈቺና እርጥበት መጣጩን ሲሊካ ጄል እዪው። ሰማያዊው ወደ ሮዝ ከተለወጠ ጠግቧል፣ ጌጥ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ስታጠልዪም ፍጠኚ፤ አሴቶኑ ሲተን ክሪስታሉን ያቀዘቅዘዋል፣ ያኔ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እንደሚያልበው ከአየር እርጥበት ይስባል። በክረምት ይህ ይብሳል።

ሳህኑ ላይ የተጣበቀውንም አትጣይው። ኤሌክትሪክ ያለው የውሃ ማሞቂያ ላይ፣ ለብ ባለ አሴቶንና ጥቂት ጠብታ ውሃ አሟሙው። ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ከደህናው ክሪስታልሽ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጣል አድርጊበትና ሳትነካኪው ይደር። ከሰሉ ግን ያኔም ውጭ ይሁን።