ሮታቬተሩ ሲነሳ የሚንኳኳው ምንድን ነው?

ከሐረማያ ዳርቻ አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። ባለ 30 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ትራክተር አለው። ሮታቬተሩን፣ ያንን በትራክተር ጉልበት እየዞረ አፈር የሚያደቅቀውን ባለ ቢላ ማረሻ፣ ያገለገለ ገዛ፤ ካርዳኑ፣ ጉልበቱን ከትራክተሩ ወደ ሮታቬተሩ የሚያሻግረው ዘንግ፣ አብሮ ስላልነበረ ከሌላ ተለቅ ያለ ትራክተር ላይ የወረደ ገዝቶ ገጠመለት። መሬቱ እርከን ነው፤ ጥቂት እንደሄደ ማንሳት፣ መዞር፣ መልሶ ማውረድ ነው። ሴፍቲ ብሎኑ በተደጋጋሚ ሲበጠስበት አንድ ብየዳ ቤት “የማይበጠስ” ብሎን አስገባለት። ከዚያ ወዲህ ብሎኑ አልተበጠሰም፤ ነገር ግን ሮታቬተሩን ሲያነሳው ይንኳኳል፣ ካርዳኑ ከሚገባበት ከማርሽ ሳጥኑ አፍንጫም ዘይት መንጠባጠብ ጀምሯል። የካርዳኑ የፕላስቲክ ሽፋን ተሰብሮ ስለነበር አውልቆ ጥሎታል። የሚጠይቀኝ ሳጥኑ አልቆለት እንደሆነ፣ አዲስ ከገዛም 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ይሻለው እንደሆነ ነው።

ወንድሜ፣ ሳጥኑን ገና አትፍታው። እኔ የምጠረጥረው ካርዳኑን ነው፤ ረዝሞብሃል። ድንጋይ ቢሆን ብሎኑ የሚበጠሰው ቢላው መሬት ውስጥ እያለ ነበር። ያንተ ግን ሲነሳ ነው የሚንኳኳው፣ የሚያፈሰውም በፊት በኩል ባለው ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት ነው። ሮታቬተሩ ሲነሳና ሲወርድ በትራክተሩ ፒቲኦ (ከኋላ ወጥቶ ለመሣሪያ ዙር የሚሰጠው ዘንግ) እና በሳጥኑ መካከል ያለው ርቀት ይቀያየራል። ካርዳኑ ሁለት ቱቦ ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ቱቦው መግቢያ ሲያጣ መጨረሻው ላይ ደርሶ የሳጥኑን ዘንግ ወደ ኋላ፣ የፒቲኦውን ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል። መጀመሪያ ኦይል ሲሉ ይሄዳል፣ ከዚያ ኩሽኔታው፣ ዝም ከተባለ ደግሞ የትራክተሩ ፒቲኦ ራሱ። ከትልቅ ትራክተር የወረደ ካርዳን ለትንሽ ትራክተር ሳይቆረጥ ልኩ ሆኖ ሲገኝ አላየሁም።

ከመንካትህ በፊት፦ ፒቲኦውን አላቅቅ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት። ቢላዎቹ መቆማቸውን በዓይንህ ሳታይ አትጠጋ። የተነሳ ሮታቬተር ስር የምትገባ ከሆነም ወፍራም እንጨት ወይም ድጋፍ አስገባበት፤ ሃይድሮሊክን አምኖ ስር መግባት የለም።

አሁን ካርዳኑን አውጣና ለሁለት ለያየው። የውስጠኛውን ቱቦ ተመልከት። ቀለሙ እስከ ሥሩ ተፍቆ ከሆነ፣ ጫፉም ተቀጥቅጦ ካየህ፣ ጥርጣሬዬ ትክክል ነው። ከዚያ አንዱን ግማሽ ትራክተሩ ላይ፣ ሌላውን ሮታቬተሩ ላይ ሰክተህ ጎን ለጎን ያዛቸው። ሞተሩን አስነስተህ ፒቲኦው እንደተላቀቀ ሮታቬተሩን ትንሽ በትንሽ አንሳ፤ በየደረጃው ሞተሩን አጥፍተህ ውረድና ለካ። ሁለቱ በጣም የሚቀራረቡበትን ቦታ ፈልግ። እዚያ ቦታ ላይ የእያንዳንዱ ቱቦ ጫፍ ከሌላው መጨረሻ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ክፍተት እንዲኖረው አድርገህ ምልክት አድርግ። ከውስጡም ከውጪውም ቱቦ እኩል ቁረጥ፤ የፕላስቲክ ሽፋኑም በዚያው ልክ ይቆረጣል። በሰጌቶ (በብረት መጋዝ) ቀጥ አድርገህ ቁረጥና ጫፉን ውስጡንም ውጪውንም በሞረድ አጽዳ፤ የብረት ፍቅፋቂ ውስጥ ከቀረ ቱቦው ይነክሳል። ግሪስ ቀብተህ መልስ። በሥራ ላይ እያለ ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎች ቢያንስ ከርዝመታቸው ሲሶውን ያህል ተደራርበው መቅረት አለባቸው። ከዚያ ካነሰ አትሥራበት፤ ሌላ ካርዳን ፈልግ።

ከርዝመቱ ሌላ የካርዳኑ መታጠፍም ያንኳኳል፤ ይህን ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው፣ ጋራዥ ያለውም ጭምር፣ ይህን ሳያውቅ ዕቃ ይቀይራል። ካርዳኑ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቼራ፣ እየታጠፈ የሚዞር የመስቀል መገጣጠሚያ፣ አለው። አንድ ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር የሚሰጠው ዙር የተቀበለውን አይደለም። የፒቲኦው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም፣ ከክሮቼራው ወዲያ ያለው ቱቦ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። እጥፋቱ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በቁጥር ልንገርህ፦ ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር እየዞረ ክሮቼራው 30 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ ቱቦው አንዴ ወደ 468፣ አንዴ ወደ 624 ይሄዳል። 540 ዙር በሴኮንድ 9 ነው፤ ስለዚህ ይህ መፍጠንና መዘግየት በሴኮንድ 18 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ሮታቬተሩ ከነቢላው ከባድ ነው፤ በዚያ ፍጥነት እየተጎተተና እየተለቀቀ አብሮ ሊሄድ አይችልም። ልዩነቱ ሁሉ ብሎኑ፣ ክሮቼራውና የማርሹ ጥርስ ላይ ያርፋል። የምትሰማው ኳኳታ ከእሱም ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ክሮቼራ ምን ይሠራል? የመጀመሪያው ያበላሸውን ያስተካክላል፤ የመጀመሪያው ሲያፈጥን እሱ ያዘገያል። ይህን የሚያደርገው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። አንደኛ፣ በሁለቱም ጫፍ ያለው እጥፋት እኩል መሆን አለበት። ይህም የሚሆነው የፒቲኦው ዘንግና የሳጥኑ ዘንግ ትይዩ ሲሆኑ ነው። ሮታቬተሩን ከላይ በኩል ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘውን ዘንግ፣ ያንን በክር የሚረዝምና የሚያጥረውን፣ እያዞርክ የምታስተካክለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በቱቦው ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት፣ ክሮቼራዎቹን የያዙት ሹካዎች በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። አንዱ ተዛብቶ ከተገጠመ ማስተካከሉ ይቀርና ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይጨምርበታል። ባለሦስት ማዕዘን ቱቦ ሲመለስ አንድ ጎን ተዛውሮ ሊገባ ይችላል፤ ተቆርጦ እንደገና የተበየደ ካርዳን ደግሞ ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ ካርዳኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ሁለቱን ሹካዎች ከጫፍ ሆነህ እይ። ካልተስተካከሉ ለያይተህ አዙረህ መልስ፤ በብየዳ የተዛባ ከሆነ ጣለው።

በእርከን መሬት ላይ ይህ ይብሳል። ሮታቬተሩ ከፍ ብሎ ሲነሳ ትይዩነቱ ይጠፋል፣ እጥፋቱም ይጨምራል። ስለዚህ ስትዞር ቢላው ከመሬት እስኪለቅ ብቻ አንሳው። ከፍ ማድረግ ካስፈለገህ ፒቲኦውን አላቅቀህ ነው። የሃይድሮሊኩ ማንሻ ላይ መገደቢያ ካለው እዚያ ላይ እሰረው።

ወደዚያ “የማይበጠስ” ብሎን ልምጣ። አቦ፣ ይህ ያናድደኛል! ሴፍቲ ብሎን የተፈጠረው እንዲበጠስ ነው። የብሎኑን ራስ ተመልከት፤ 10.9 ወይም 12.9 የሚል ከተጻፈበት ዛሬውኑ አውጣው። የመጀመሪያው ቁጥር የብረቱን የመበጠስ ጥንካሬ ነው የሚናገረው፤ 12.9 የተጻፈበት ብሎን 8.8 ከተጻፈበት አንድ ተኩል እጥፍ ይጠነክራል። ድንጋይ ሲይዝህ በትንሽ ዋጋ የሚበጠሰው ብሎን እምቢ ካለ፣ በእሱ ቦታ የሚሰበረው ማርሹ ነው። የሮታቬተሩ መመሪያ የሚያዘውን ጥንካሬና ውፍረት ብቻ አስገባ፤ ሁለት ሦስት ትርፍ መሣሪያ ሣጥንህ ውስጥ ይኑርህ። ምንም ያልተጻፈበት ርካሽ ብሎንም አትግዛ፤ ምን ላይ እንደሚበጠስ ማንም አያውቀውም። የብሎኑ ቀዳዳ በመበጠስ ብዛት ሞላላ ሆኖ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስደህ አስተካክል፤ በልቅ ቀዳዳ ውስጥ ትክክለኛው ብሎንም ይበጠሳል። ባንተ ላይ ባይኖርም፣ በብሎን ፈንታ በሸራ የሚንሸራተት ክላች ያለው ካርዳን የገዛ ሰው ክረምት ከመግባቱ በፊት የስፕሪንጎቹን ዳዶዎች እኩል አላልቶ ለአጭር ጊዜ አንሸራትቶ በልኩ መልሶ ማጥበቅ አለበት። ዝጎ ከተጣበቀ ያው “የማይበጠስ ብሎን” ሆነ ማለት ነው።

የጣልከውን ሽፋንም መልስ። በሴኮንድ 9 ጊዜ የሚዞር፣ 7 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ በአንድ ሴኮንድ ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል። ሽርጥ ለብሶ፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ አንጠልጥሎ ፒቲኦው እየዞረ ማንም እንዳይጠጋ፤ እጅ ለማላቀቅ የሚሆን ጊዜ የለም። ትራክተሩን የሚነዳልህ ልጅ ካለም ይህንኑ ንገረው፦ ፒቲኦው ተላቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚወረደው።

ስፋቱን በተመለከተ፣ 1.5 ሜትር ይበዛብሃል። በመደበኛ አፈር ላይ ለእያንዳንዱ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ፒቲኦው ላይ 5 ፈረስ ጉልበት ያህል ይያዛል። 30 የሚለው የሞተሩ ነው፤ ፒቲኦው ላይ 25 ቢደርስ ነው። ከዚያ ላይ ከፍታውን ቀንስ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በ100 ሜትር ከፍታ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ነው። የቀረህ 20 ፈረስ ነው፣ ማለትም 1.2 ሜትር። ድሬዳዋ ላይ ሞክረውት “ደህና ይጎትታል” የሚሉህ ሰዎች ቢኖሩ 1,200 ሜትር ላይ ሆነው ነው፤ የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረማያ ከወጣህ በኋላ ያው ትራክተር ያው አይደለም። ሮታቬተሩ ከኋላ ጎማዎቹ ከጠበበ ወደ አንድ ጎን አስጠግተህ ግጠመው፣ ቢያንስ የአንዱን ጎማ ዱካ ይሸፍን።

ድንጋይ ላለበት መሬት የጎን መንጃው፣ ዙሩን ከሳጥኑ ወደ ቢላ ዘንጉ የሚያወርደው፣ በማርሽ የሆነውን እመርጣለሁ፤ የሰንሰለቱ ርካሽ ነው፣ እንደ ባቢሌ ላለ አሸዋማ መሬት ይበቃል። ቢላዎቹ ወደ ፊት የሚዞሩ ይሁኑ፤ ተገላቢጦሽ የሚዞረው አፈሩን ቢያደቅም ድንጋይ ይወትፋል። ቢላውን ከመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቅጡልህ አሉ። ክብደቱ እኩል ስለማይሆን ያንቀጠቅጣል፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ክፉኛ የጠነከረ ከሆነም ተሰብሮ ይወረወራል፤ እኔ አላስገባውም። ስትቀይር ሁሉንም በአንዴ አትፍታ፤ ግራና ቀኙ እንዳይዛነቅ ቢላዎቹ ከታሰሩባቸው ዲስኮች አንዱን ጨርሰህ ወደሚቀጥለው ሂድ። ስለቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ይቅደም።

ክሮቼራዎቹን በየቀኑ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ግሪስ አጠጣቸው። የሳጥኑን ዘይት ከፍታ እይ፤ ወተት መስሎ ካገኘኸው ውሃ ገብቷል፣ አፍስሰህ ቀይር። ከሁሉ በላይ የቢላ ዘንጉን ሁለት ጫፎች ተከታተል። በአካባቢያችን ማሳ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም፤ የጫት ማሰሪያ ገመድ፣ ፌስታል፣ የማዳበሪያ ጆንያ ክር። ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ በሙቀት ይቀልጥና ኦይል ሲሉን ያልፋል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ አቧራው ይገባል። ማታ ማታ በቢላዋ ቁረጠው። ይህንንም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስህ ገብቶ።

ካርዳኑን አሳጥረህ፣ ሹካዎቹን አስተካክለህ፣ ብሎኑን ቀይረህ ሞክር። መንኳኳቱ ቆመም አልቆመም የሳጥኑን የፊት ዘንግ በእጅህ ያዝና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው። ወለም የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ተጎድቷል፤ ያኔ ሳጥኑ ይፈታል። ካልተንቀሳቀሰ ግን ዘይቱን ለማቆም የሚያስፈልግህ ኦይል ሲል ብቻ ነው። አሮጌውን ሲል ይዘህ ሂድ፣ ጠርዙ ላይ የተጻፉትን ሦስት ቁጥሮች አንብበህ እሱኑ ግዛ፤ “ይጠጋጋል” ብለው የሚሰጡህን አትቀበል።