ኮሚቶቼ የት ሄዱ? የሪቤዝ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ጊት ሪቤዝ። ለአዲስ አንባቢ፦ ጊት የኮድን ለውጦች ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ኮሚት አንድ የተመዘገበ ለውጥ ነው፤ ብራንች ተለይቶ የሚሠራበት የኮሚቶች መስመር ነው፤ ሪቤዝ ደግሞ የአንድን ብራንች ኮሚቶች በሌላ መነሻ ላይ እንደገና መደርደር ነው። የድሬ ሙቀት ነው መሰለኝ ሁላችሁንም ኮሚት የሚያስነካካችሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስድቡንም ቀንሻለሁ።

ከሳቢያን፦ ሪቤዝ ጀምሬ መሃል ላይ ግራ ገባኝ። ሳልጨርስ መውጣት ይቻላል?

ይቻላል። «ጊት ሪቤዝ --አቦርት»። ከመጀመርህ በፊት ወደነበርክበት ይመልስሃል።

ከከዚራ፦ ብራንቿን ሜይን (ዋናው ብራንች) ላይ ሪቤዝ ካደረገች በኋላ የኮሚቶቿ መለያ ቁጥር በሙሉ ተቀይሮ ያገኘች ልጅ «ሰው ነካብኝ እንዴ?» ትላለች።

ማንም አልነካብሽም፤ ራስሽ ነሽ። ሪቤዝ ኮሚት አንስቶ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ ይመስላል እንጂ አያንቀሳቅስም። የእያንዳንዱን ኮሚት ለውጥ በተራ ወስዶ በአዲሱ መነሻ ላይ እንደገና ይሠራዋል። መለያ ቁጥሩ ደግሞ ከፋይሎቹ ብቻ አይሰላም፤ ከፊቱ ያለው ወላጅ ኮሚት፣ የጸሐፊው ስም፣ ሰዓቱ፣ መልእክቱ ሁሉ ይገባበታል። ወላጁ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ከረቂቅ ደብተር ወደ ጥሩው ደብተር እንደ መገልበጥ ቁጠሪው፤ ጽሑፉ ያው ነው፣ ደብተሩ ግን ሌላ ነው። ረቂቁም ወዲያው አይጣልም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሪቤዝ ካደረግሁ በኋላ አለቃዬ የወር ሥራዬን በሙሉ ዛሬ የሠራሁት መሰለው።

እያንዳንዱ ኮሚት ሁለት ቀን አለው። ኮዱን የጻፍክበት ቀን በሪቤዝ አይነካም፤ ኮሚቱ የተፈጠረበት ግን አዲስ ይሆናል። «ጊት ሎግ --ፎርማት=ፉለር» ብለህ ሁለቱንም አሳየው።

ከሐረር፦ ኮንፍሊክት (ሁለት ለውጦች አንድ ቦታ ላይ ሲጋጩ) ሲመጣ የራሴን ለማስቀረት «አወርስ» (የእኛ) የሚለውን መረጥኩ። የኔው ኮድ ጠፋ!

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል። በሪቤዝ ጊዜ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ጊት መጀመሪያ ሜይን ላይ ይቆምና ያንተን ኮሚቶች አንድ በአንድ ወደዚያ ያመጣል። ስለዚህ «አወርስ» የሜይን ነው፣ «ዜርስ» (የእነሱ) ደግሞ ያንተ። ደግ አይደለም፣ ግን እንደዚያ ነው።

«አራት ሆነን አንድ ብራንች ላይ እንሠራለን። ባልደረባዬ ታሪኩ ይጽዳ ብሎ ሪቤዝ አደረገ፣ ቀጥሎ ፎርስ ፑሽ፣ ማለትም የሪሞቱን (የጋራ ሰርቨራችንን) ታሪክ በግድ በራሱ ተካው። ማታ ፑሽ ያደረግሁት (ወደ ሪሞቱ የላክሁት) ሥራ ከሪሞቱ ጠፋ። ስጠይቀው ‹ፑል ስላላደረግሽ (ከሪሞቱ አዲሱን ስላላመጣሽ) ነው፣ ሪሴት --ሃርድ በይው፤ የኮምፒውተርሽን ብራንች እንደ ሪሞቱ ያደርገዋል› አለኝ። አልኩት። አሁን ከኔም ኮምፒውተር ጠፋ።»

አቦ! ፑል ያላደረገው እሱ ነው። ሥራሽ ሪሞቱ ላይ ነበር፤ እሱ ሳያየው በላዩ ላይ ጻፈበት። ጥፋቱን ላንቺ ማሸከሙ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

መጀመሪያ ሥራሽን እናውጣ። ኮሚት ያደረግሽው ነገር አሁንም ኮምፒውተርሽ ውስጥ አለ። «ጊት ሪፍሎግ» በይ፤ የቆምሽባቸውን ኮሚቶች በቅደም ተከተል ያሳይሻል። ከሪሴቱ በፊት ያለውን ቁጥር ያዢና «ጊት ብራንች ማዳኛ» ብለሽ ቁጥሩን ከጎኑ ጻፊ። ከዚያ ያንቺን ኮሚቶች ብቻ ቼሪ ፒክ እያደረግሽ (አንድ በአንድ እየመረጥሽ እየቀዳሽ) በአዲሱ ታሪክ ላይ አስቀምጪ። ብራንቹን በሙሉ መርጅ አታድርጊ (አታዋህጂ)፤ የድሮዎቹ ኮሚቶች ከአዲሶቹ ቅጂዎች ጋር ተደርበው ይመጡብሻል። ሳምንት አትጠብቂ። ጊት እንዲህ የተቆረጡ ኮሚቶችን ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ለ30 ቀን ያህል ነው የሚይዘው። ኮሚት ሳታደርጊ የተውሽው ካለ ግን ሪሴት --ሃርድ በልቶታል፤ ሪፍሎግም አያውቀው።

አሁን ወደ ልጁ። የታሪክ ንጽህና የሚባለውን ነገር አልጠላም፤ ብቻዬን በያዝኩት ብራንች ላይ እኔም አጸዳለሁ። ሌላ ሰው ሥራውን የጀመረበትን ኮሚት ግን ምን ቢያምር መቀየር የለብህም፣ ምክንያቱም አንተ ዘንድ የጠፋው አሮጌ ኮሚት ሦስት ጓደኞችህ ኮምፒውተር ላይ አሁንም አለ፣ እነሱም በእሱ ላይ እየገነቡ ነው። የግድ ከሆነ አስቀድሞ ይነገራል፤ ሁሉም ሥራውን ፑሽ ያደርጋል፤ አንድ ሰው ይሠራዋል። ባዶውን «--ፎርስ» ደግሞ እርሱት። «--ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ» ሪሞቱ መጨረሻ ካየኸው ከተለየ እምቢ ይላል። አንዳንድ ኤዲተር ግን ከጀርባ ፌች ስለሚያደርግ (የሪሞቱን አዲስ ነገር ስለሚያመጣ) ሳታውቀው ያታልለዋል፤ ለዚህ ከጊት 2.30 ጀምሮ «--ፎርስ-ኢፍ-ኢንክሉድስ» አብሮ ይጨመራል። የጋራውን ብራንች ከፎርስ ፑሽ መቆለፍም ይቻላል። አለቃችሁ ዛሬውኑ ይቆልፈው።

በአጭሩ ንገረን፤ ሪቤዝ ይሻላል መርጅ?

ብራንቹ ያንተ ብቻ ከሆነ ሪቤዝ፣ የጋራ ከሆነ መርጅ። በዚህ ጥያቄ በርጫ ላይ እየተጨቃጨቃችሁ ሰው አትነጅሱ።

ኮንፍሊክት ስፈታ አመሻለሁ፣ ወገቤን ያመኛል።

ሐኪም ጋ ሂድ። እኔ የማውቀው ጊት ነው።

የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ኮሚት አድርጌ ፑሽ አደረግሁ። በሪቤዝ ባጠፋው ይበቃል?

አይበቃም! ማንበብህን አቁምና የይለፍ ቃሉን አሁን ቀይር። ሪቤዝ አዲስ ቅጂ ነው የሚሠራው፤ አሮጌው ኮሚት ሪሞቱ ላይም፣ ፑል ባደረገ ሰው ኮምፒውተር ላይም ሊቆይ ይችላል። ቀይረህ ስትጨርስ ለድርጅትህ የደኅንነት ባለሙያ ንገር። ባለሙያ ከሌላችሁ ፈልጋችሁ አምጡ፤ ይህን በጓደኛ ምክር አትለፈው። ዳታቤዙን በዚያ ቃል ማን እንደገባበት መዝገቡን አይቶ የሚነግርህ እሱ ነው። መቆጣታቸው አይቀርም፤ ቢሆንም ዛሬውኑ ንገራቸው።